ከደጃችን የምትታየው ደሴት

ይህን የምጽፈው ከአንኮበር በታች ወርዳችሁ ለማታውቁ፣ ወደፊትም ለማትወርዱ ወገኖቼ ነው። ቆላ ማለት ንዳድና እባብ ነው ብላችሁ በጋቢያችሁ ተጠቅልላችሁ ለምትኖሩ። እኔ ደብተራ ጎሹ ወርጄ ተመልሻለሁ፤ አፍንጫዬ ከመላጡ በቀር የጎደለኝ ነገር የለም። ነገር ማግነን እንደምወድ አንኮበር ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ባለቤቴ አስካለ ጎኔ ተቀምጣ፣ የጻፍኩትን ጮክ ብዬ እያነበብኩላት፣ ስጨምር በመቋሚያዬ ጉልበቴን ትወጋኛለች። እስካሁን ሦስቴ ተወግቻለሁ። ገና መጀመሬ ነው።

ቤታችን ገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ዶሮአችን ብትንሸራተት የምትደርሰው አዳል አገር ነው። ከደጃችን ቆሞ ወደ ምሥራቅ ለተመለከተ፣ ተራራው ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ሜዳው በአቧራ ከመሸፈኑ በፊት፣ ጠዋት ጠዋት አንዲት የምታብረቀርቅ ነገር ትታየዋለች። ሐይቅ ናት። መካከሏ ላይ የተልባ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። በጥር ማርያም በቁርባን ተጋብተን፣ በማግስቱ ሙሽራዬ ከደጅ ወጥታ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለዚያች ነጥብ ነበር።

«ደሴት ናት» አልኳት።

«ዛፍ አለባት» አለች።

«ዛፍ አይደለም፤ ከኖኅ ጀምሮ የተኛ ጉማሬ ነው።»

በዚህ ተጣላን። ከዚያ ወዲህ ልጆች ወልደን ድረናል፤ ንጉሡም ቤተ መንግሥቱን ወደ እንጦጦ ወስዶ አንኮበርን ለእኛና ለጅቦች ትቶልናል። የእኛ ክርክር ግን አላለቀም። በየዓመቱ የጥር ማርያም ዕለት ጠዋት ከደጃችን ቆመን «ዛፍ ነው»፣ «ጉማሬ ነው» ሳንባባል ቁርሳችንን አንቀምስም።

ዘንድሮ ግን፣ በዓሉ ሲቃረብ፣ አስካለ ከደጅ ቆማ ግራ ዓይኗን ደጋግማ አሸች።

«አንቱ» አለችኝ። ልቧ ሲለሰልስልኝ አንቱ ትለኛለች፤ ስትቆጣ አንተ። «ነጥቧ ዛሬ አለች?»

ነጥቧ አለች። ሐይቁም እንደ መስተዋት ያበራል። የአስካለ ቀኝ ዓይን ከጨለመ ቆይቷል፤ ግራውንም ሞራ እየሸፈነው መሆኑን አውቅ ነበር። ጠበሉን ሁሉ ዞረናል። ይህን ያህል መድረሱን ግን አላወቅሁም።

«አለች» አልኩ።

«እንግዲያው ማርያምን እዚያ ነው የምውለው። ዛፍ መሆኑን ሳላይ አልታወርም።»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ጓዳ ገብታ በሶ ትፈጭ ጀመር።

*የመጀመሪያው ቀን።* በሩን በጠፍር አሰርኩ። አስካለ «አጥብቀውታል?» አለችኝ፤ «ሳምሶን ራሱ ቢመጣ አይፈታውም» አልኳት። እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ቁልቁለቱን ጀመርን። የአንኮበር ቁልቁለት የሚወርዱት መንገድ አይደለም፤ የሚወድቁት ነው። እኔ ብቻ ሰባት ጊዜ ወድቄያለሁ። (ተወጋሁ። ሁለት ጊዜ ነው።) ከላይ የለበስነውን ከመንገድ አጋማሽ አወለቅን፤ ከታች ደግሞ ሌላውን ብናወልቅ በወደድን። እኛ ጋ በዚህ ወር ገብሱ ታጭዶ ሰው እሳት ዳር ነው፤ እነሱ ጋ ማሽላው ከሰው በላይ ቆሞ ሴቶች ጥጥ ይለቅማሉ።

አልዩ አምባ ስንደርስ ኑርዬ ከደጁ ጠበቀን። ኑርዬ አርጎባ ነው፤ ሸማና ጨው ይነግዳል፤ እኔ ብራና የምፍቀውን የፍየል ቆዳ የሚያመጣልኝ እሱ ነው። የአዳሎችን ቋንቋ እንደ ራሱ ቋንቋ ይናገራል። ወሬያችንን ሲሰማ፦

«ወላሂ፣ ለምኑ ነው የምትሄዱት? ጨው የለበት፣ ገበያ የለበት!»

«ዛፍ ልታይ ነው» አልኩት።

«ዛፍማ እዚህም አለ።»

«የእሷ ዛፍ እዚያ ነው።»

አስካለን አየ፤ ከዚያ ሚስቱን ዘሃራን አየ፤ ከዚያ «በጧት አብሬያችሁ እወርዳለሁ» አለ። ከሚስቱ ጋር አተያየታቸው የባለትዳር ስለነበር ከዚህ በላይ አልጠየቀም።

እነሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፣ እኛ ያረድነውን እነሱ አይበሉም። ይህ በሁለታችንም ቤት የታወቀ ነው። ዘሃራ ግን እንግዳዋን በሽምብራ ብቻ ልታሳድር አልወደደችም። አንዲት ቀይ ዶሮ ከነቢላዋ ሰጠችኝና «ይኸው፣ በራስህ እጅ በራስህ ስም ባርከህ እረድ፤ ድስቱም አዲስ ነው፣ ማንም አልነካው» አለች። እንዲህ ያለ ደግነት እኛ ሰፈር ለእስላም እንግዳ ስናደርግ አላየሁም፤ ወደፊት ግን እናደርጋለን ብዬ ለራሴ ተናገርኩ።

አገር የሚያውቀኝ አንበሳ በመቋሚያ የገደልኩ ሰው ሆኜ ነው፤ እኔ ራሴ ስለነገርኳቸው። ዶሮዋ ግን ይህን አልሰማችም። «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ አመለጠች። ግቢውን ዞርኳት፤ ከጥጥ ክምሩ ላይ ወጣሁ፤ ከጥጥ ክምሩ ጋር ወረድኩ።

ዘሃራ ሆዷን ይዛ «ደብተራ፣ ተዋት! ወደ አንኮበር እየወጣች ነው፤ ቤታችሁን ትጠብቅላችሁ!» ትለኛለች። አስካለ ባታይም የወደቅሁትን ሁሉ በድምፁ ታውቀው ነበር።

ሽምብራ በላን። ጥሩ ሽምብራ ነበር።

*ሁለተኛው ቀን።* ኑርዬ አህያውን ጭኖ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ወደ ፋሬ ወረድን። ፋሬ ኬላ አለ። ቀይ እጀ ጠባብ የለበሰ ዘበኛ አስቆመን።

«ምን ይዛችኋል?»

«ሚስቴን» አልኩ።

«ሌላስ?»

«በሶ።»

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ ሐይቁ፣ ደሴቲቱን ልናይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንመለሳለን።»

ዘበኛው ጦሩን ተደግፎ አሰበ። «የምትመለሱ ከሆነ ለምን ትሄዳላችሁ?» አለ። አስካለ ከበቅሎዋ ላይ «ካልሄድንማ ከምን እንመለሳለን?» አለችውና በቅሎዋን ጎሰመች። አለፍን።

ከፋሬ ወዲያ አገሩ ሌላ ነው። እኛ ጋ ድንጋዩ ሣር ይለብሳል፤ እዚህ ሣሩ ድንጋይ መስሏል። ዛፉ ሁሉ እሾህ ነው። ሙቀቱን ልንገራችሁ ብዬ ነበር፣ ግን መቋሚያው ተዘጋጅቷል።

እኩለ ቀን ላይ ኑርዬ ከአንድ ግራር ጥላ ሥር አህያውን አሳርፎ፣ ራቅ ብሎ ሰላቱን ይሰግድ ጀመር። በዚህ መሐል አንድ አዳል መጣ። ራሳቸውን አፋር ነው የሚሉት። ግመል ይጎትታል፤ በወገቡ ጊሌ የሚሉትን ጠማማ ጩቤ ታጥቋል። ግመሉን አንበርክኮ ከፊቴ ቁጢጥ አለና በገበያ አማርኛው «ዳጉ» አለኝ።

ኑርዬ በመንገድ ላይ ነግሮኛል፦ በዚህ አገር ሁለት ሰው ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ውሃ የት እንዳለ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደመጣ። ዳጉ ይሉታል። እኔም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያደምጠኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ አሁን ባሕሉ ያደረገ አገር አገኘሁ!

«ከወዴት?» አለኝ።

«ከአንኮበር።»

«ከኋላህ ማን አለ?»

«ማን የሌለ አለ?» አልኩት። «የዚህች ሚስቴ ሰርግ ነው ነገ። አንኮበር እንዳለ እየወረደ ነው። ሰዉ ከመብዛቱ የተነሣ ቁልቁለቱ ይንቀጠቀጣል። ፈረሰኛው ብቻ ከፋሬ እስከ አልዩ አምባ ተሰልፏል!»

«አየህ ወይስ ሰማህ?»

«በዚህ ዓይኔ!»

ሰውየው አልሳቀም። ተነሣ፤ ግመሉን አስነሣ፤ በመጣበት አቅጣጫ እየሮጠ ሄደ።

«አልሳቀም» አለች አስካለ።

«ቀልድ አይገባውም።»

«አልሳቀም» አለች ደግማ።

ለኑርዬ አልነገርኩትም። ያን ዕለት ከእሾህ አጥር ውስጥ አደርን፤ ትኋን የለም፣ ቁንጫ የለም። ከቤታችን የሚሻለው በዚህ ብቻ ነው።

*ሦስተኛው ቀን፣ ማርያም።* ፀሐይ ስትወጣ ሐይቁ ዳር ደረስን። ከደጃችን ስትታይ መዳፍ የምታህለው ውሃ ወዲያ ማዶዋ አይታይም። ደሴቲቱ ከሩቅ መሐል ላይ ትመስል ነበር እንጂ ወደ እኛ ዳር ናት፤ አንድ ሰው ጮሆ ሌላው በሚሰማበት ርቀት። አስካለ ግንባሯን በእጇ ከልላ አየች፣ አየች፣ «ብርሃን ብቻ ነው» አለች።

ኑርዬ ግን ውሃውን አላየም። መሬቱን ነበር የሚያየው። የጎጆ ክብ ክብ ምልክት አለ፤ ጎጆ የለም። አመድ አለ፤ እጁን ቢያገባበት ሙቅ ነው። የከብቱ ፋንድያ ትኩስ ነው፤ ከብት የለም።

«ትናንት ማታ እዚህ ነበሩ» አለ። «መሻገሪያውም እዚህ ነበር፤ የተነፋ ቆዳ ከእንጨት ጋር የታሰረ። ይዘውት ሄደዋል። ምን አስደነገጣቸው?»

አስካለ ፊቷን ወደ እኔ መለሰች። ለኑርዬ የትናንቱን ነገርኩት።

ኑርዬ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ያ ረቢ! ከደጋ ብዙ ሰው እየወረደ ነው ስትለው ምን እንዲመስለው ፈለግህ? ሰርግ? ከደጋ ብዙ ሰው የወረደው መቼ ለሰርግ ነው? ከብታቸውን ሊነዳ ነው እንጂ! ዳጉ ላይ ቀልድ የለም ደብተራ። ሕፃናቱ ሌሊቱን በእግራቸው ሄደዋል።»

ያኔ የተሰማኝን መግለጽ ትቼ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ልብሴን ሰብስቤ «በእግሬ አሻግራታለሁ» ብዬ ውሃ ውስጥ ገባሁ። እስከ ጉልበቴ ደርሼ እረግጠዋለሁ ያልኩት ድንጋይ አፍንጫውን ከፍቶ ተነፈሰ። ከኖኅ ጀምሮ የተኛው ጉማሬ ነቅቶ ነበር። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ኑርዬ ውሃውን ሳልነካ ነው የወጣኸው ይላል።

«እንመለስ» አለ ኑርዬ። «ያገኙን እንደሆነ ለእኔም ደግ አይሆንም።»

«አንተ» አለች አስካለ። ለኑርዬ አይደለም፣ ለእኔ ነው። «በቅሎዋን አምጣ።»

«ወደ ቤት?»

«ሰዎቹ ወደሄዱበት። ተመልሼ ምን ልሆን ነው፣ ከደጄ ሆኜ ላየው? ከደጄ ሆኖ ማየቱስ አልቆ የለ?»

ኑርዬ ተከራከረ፤ ፀሐዩን ጠቀሰ፣ ጦሩን ጠቀሰ። እሷ የበቅሎዋን ልጓም ዳብሳ ይዛ ቆማለች። ሲደክመው ከፊት ቀደመ፤ የከብቱን ዱካ ይዘን ሄድን።

ቀትር ሳይሆን ከእሾህ ጫካ ሥር አገኘናቸው፤ ወይም አገኙን። ጦርና ጋሻ ከየዛፉ ሥር ተነሣ። የትናንቱ ሰው መሐላቸው አለ፤ ወደ እኔ አያይም። ሐመዱ የሚባል ሽማግሌያቸው፣ ጥርሱን እንደ መጋዝ ያስሳለ፣ በእጁ እንድንቀመጥ አሳየን። ዳጉ ሊሆን ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል ሽማግሌው እጁን አነሣ።

ኑርዬ ተረጎመ፦ «ያንተን ሰምተናል ይላል። ሌላ ሰው ካላችሁ እሱ ይናገር።»

በሕይወቴ አፍህን ዘግተህ ተቀመጥ ያለኝ ብዙ ነው። የተቀመጥኩት ግን ያን ጊዜ ነው።

አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። «ከአንኮበር ስንነሣ ብርድ ነበር» አለች። ኑርዬ ተረጎመ። «አልዩ አምባ ዶሮ ከባሌ እጅ አመለጠች።»

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?» አለ ሽማግሌው።

«ሰማሁ። ሲወድቅ ሰማሁት። ፋሬ ላይ ዘበኛ አነጋገረን፤ ቀይ ነገር ለብሷል፤ ይህን አየሁ። ፊቱን አላየሁም። ከፋሬ ወዲህ ከእኛ ከሦስታችን፣ ከበቅሎዬና ከአህያው በቀር ኮቴ አልሰማሁም።»

«ከኋላችሁ ሠራዊት አለ?»

«ሠራዊት ቢኖር እኔ አላየውም። አባቴ፣ የእርስዎንም ፊት አላየው። ሠራዊት ግን ይሰማል። አልሰማሁም። ከኋላችን የቀረው ቤታችን ነው።»

ሽማግሌው ተነሣና ቀርቧት ዓይኗን ተመለከተ። እጁን በግራ ዓይኗ ፊት አሳለፈ። ተከተለችው፤ ግን ዘግይታ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ያን ደሴት ልነካው።»

ረጅም ንግግር በቋንቋቸው ሆነ። የትናንቱ ሰው ተቆጥቶ ተናገረ፣ ሽማግሌው ቀስ ብሎ መለሰ። ከዚያ ኑርዬ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«ምን አለ?» አልኩ።

«እሷ ያላየችውን አላየሁም ስላለች ያየችውን አምነናል ይላል። መሻገሪያውን ይሰጡናል። ቆዳዎቹ ግን አየራቸው ወጥቷል። የደጋው ሰው ብዙ ነፋስ ስላለው እሱ ይንፋቸው፤ ማንም አያግዘው ይላል።»

እነሆ፣ ሁላችን ወደ ሐይቁ ተመልሰን፣ ደብተራ ጎሹ ዳሩ ላይ ተቀምጦ የፍየል ቆዳ ሲነፋ ዋለ። ዕድሜዬን ሙሉ የፍየል ቆዳ ስፍቅ፣ ስወጥር፣ ስጽፍበት ኖሬያለሁ፤ ቆዳው ቂም ይዞብኝ እንደነበር ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አንዱን ሞልቼ ስቋጥር ሌላውን ይሰጡኛል። ጉንጬ አበጠ፤ ጆሮዬ ጮኸ፤ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ተመለሰ። የሰፈሩ ሁሉ ሴትና ሽማግሌ ዙሪያዬን ተቀምጦ ያያል፤ ትናንት ያልሳቀው ሰው እንኳ በመጨረሻው ቆዳ ላይ ሳቀ። ወተት በቅል አምጥቶ ሰጠኝ። አመሰግናለሁ ልለው ብሞክር የወጣው ፉጨት ነው። በዕድሜዬ ቀኑን ሙሉ ውሸት ያልተናገርኩበት ይኸው ቀን ነው።

ፀሐይ ወደ አንኮበር ስታዘነብል ተሻገርን። አስካለ ከእንጨቱ መሐል፣ እኔ ከጎኗ፣ የትናንቱ ሰው ከኋላ በረጅም እንጨት እየገፋ። ከሥራችን የእኔ እስትንፋስ ነው የያዘን፤ አንዱ ቋጠሮ ሲያፏጭ ሁለታችንም እኩል ሰማነው። አጥብቃ ክንዴን ያዘች እንጂ ተመለስ አላለችም።

ደሴቲቱን ላደንቅላችሁ አልችልም። ከእኛ የገብስ አውድማ አትበልጥም። ድንጋይ ናት፤ ድንጋዩን የወፍ ኩስ አልብሶታል፤ ሽታው በአፍንጫ ሳይሆን በዓይን ነው የሚገባው። ከአናቷ ላይ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ፣ አንድ ጎባጣ ግራር ወጥቷል፤ ቁመቱ እንደ እኔ ነው። አስካለ ድንጋዩን በእጇና በጉልበቷ ወጣች። ልደግፋት ብል እጄን መለሰችው። ግንዱን ስትነካ ቆመች። ልጡን ዳበሰች፣ እሾሁ ጣቷን ወጋት፣ ደሟን መጠጠች፣ ቅርንጫፉን እስከ ጫፉ በእጇ ሄደችበት።

«ዛፍ ነው» አለች።

«ዛፍ ነው» አልኩ።

ይህን ሁሉ ዓመት ስጠብቀው የነበረው ክርክር በዚሁ አለቀ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞርን። ፀሐይዋ ከተራራው ኋላ ገብታ ነበርና አንኮበር ጥቁር ሆኖ በቀላው ሰማይ ላይ ተቀርጿል።

«አንተ፣ ምን ይታይሃል? ሳትጨምር።»

«ተራራው ይታየኛል። አናቱ ይታየኛል። ጭስ ይታየኛል፤ የማን ቤት እንደሆነ አላውቅም።»

«ቤታችንስ?»

«ቤታችን አይታይም አስካለ። ሩቅ ነው።»

ግራ ዓይኗን አጥብባ ወደዚያው አየች። «ለእኔ ይታየኛል» አለች። «ደጃችንን አየዋለሁ። በሩን ክፍት ትተኸዋል።»

ፊቷን አየሁት፤ አልሳቀችም። ከዚያ ርቀት አሞራም ቢሆን በር አያይም። በጠፍር ሁለት ጊዜ ጠምጥሜ የቋጠርኩትን አስታውሳለሁ።

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?» አልኳት።

«በዚህ ዓይኔ» አለች።

*መመለሻው።* መመለሻ ዳገት ነው፤ ሌላ የምለው የለኝም። የፋሬው ዘበኛ «ይኸው ተመለሳችሁ» አለን፤ ያሰበው ደርሶለት ደስ ብሎታል። ዘሃራ ለአስካለ ጥጥ፣ ለእኔ ያቺን ቀይ ዶሮ እግሯን አስራ ሰጠችን። ኑርዬ ሲሰናበተን ለመንገደኛው ሁሉ የሚነግረው ዳጉ እንዳገኘ፣ እኔ ቆዳ ስነፋ ያየ እንጂ የሰማ እንዳይደለ ነገረኝ። አስካለ በዳገቱ ላይ ሁሉ «ዛፉ እንዴት ነበር?» እያለች ታስደግመኝ ነበር፤ እሾሁን እንኳ ሳልጨምር ነገርኳት።

እስከዚህ ድረስ ያለውን አስካለ ሰምታለች። አሁን የጎረቤት ለቅሶ ሄዳ የለችም፤ የሚከተለውን ድምፄን ሳላወጣ ጽፌ ብራናውን እጠቀልለዋለሁ።

የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ፣ ቤታችን ሊታይ ጥቂት ሲቀረው፣ «በቅሎዋ ደክሟታል፣ ቀስ ብለሽ ነይ» ብዬ ሮጥኩ። ቆዳ በነፋሁበት ሳንባ ዳገቱን ሮጥኩ። በሩ እንዳሰርኩት ነው። ጠፍሩን በጥርሴ ፈታሁ፤ በሩን በረገድኩ፤ ዶሮዋን ፈትቼ ወደ ውስጥ ለቀቅኋት፤ ከደጅ ቆሜ እንደ ደነገጠ ሰው እጄን በራሴ ላይ ጫንኩ።

አስካለ ደረሰች። ከበቅሎዋ ወርዳ መቃኑን ዳበሰች፤ ከዚያ እጇን ወደ ውስጥ ዘረጋች፤ የሚያግዳት ሳንቃ የለም። ዶሮዋ ከውስጥ ጮኸች።

«አላልኩዎትም?» አለች። «አንቱ፣ ክፍት ነው።»

እነሆ ሳልጨምር እጽፋለሁ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው፦ በሩ ክፍት ነበር።